ከመግዛትዎ በፊት ክንዱን ይግፉት፦ ከአሮጌው ራዲያል መጋዝ ጋር ትውውቅ

አራት ሜትር የባሕር ዛፍ ሞራሌ ለበር ቴላዮ ሲቆረጥ፣ በጠባብ እንጨት ቤት ውስጥ ከመቁረጡ ይልቅ እንጨቱን ማንቀሳቀሱ ይከብዳል። በሰርኩላር ማሽን ላይ ዲስኩ ባለበት ይሽከረከራል፤ የሚሄደው እንጨቱ ነው። ያን የሚያህል ርዝመት አግድም ይዞ ወደ ዲስኩ ለመግፋት ሰፊ ቦታም፣ ጫፉን የሚይዝ ረዳትም ያስፈልጋል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው እንደ ማክሰኝት ባለች ከተማ ደግሞ እንጨት ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሱቅ የማይሰፋ ክፍል ነው። አናጢው ያለው አማራጭ እንጨቱን ደጅ አውጥቶ በእጅ መጋዝ ማሳጠር ይሆናል። በእጅ የተቆረጠው ጫፍ ትንሽ ከተንጋደደ የበሩ ማዕዘን አይገጥምም።

ለዚህ ችግር መላ የተበጀለት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ማሽኑ ራዲያል አርም ሶው ይባላል። ከገበታው ጀርባ ወፍራም የብረት ዓምድ ይቆማል፤ ከዓምዱ አናት ላይ አንድ ክንድ ወደ ሠራተኛው ይዘረጋል። ሞተሩ ከክንዱ ሥር ተንጠልጥሎ በኩሽኔታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቺንጋ የለውም፤ ዲስኩ በቀጥታ በሞተሩ ሻፍት ላይ ይታሰራል። እንጨቱ ከማስደገፊያው ጋር ተጠግቶ ይተኛል፤ ሠራተኛው እጀታውን ይዞ መጋዙን ወደ ራሱ ይስባል። ክንዱን በዓምዱ ላይ በማዞር 45 ዲግሪ መቁረጥ፣ ሞተሩን በማጋደም ጠርዙን ሰያፍ ማድረግ ይቻላል። በመዘውሩ ክንዱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የእንጨቱን ውፍረት እኩሌታ ብቻ መቁረጥም ቀላል ነው፤ ይህ ለቴላዮ ማጋጠሚያ ትልቅ እፎይታ ነው።

የፈጠራው ባለቤት ሬይመንድ ዲዋልት የተባለ አሜሪካዊ ነው። ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1922 ሠራ፣ በ1924 በፔንሲልቬንያ ግዛት ሊዮላ በተባለች ከተማ ኩባንያ አቋቋመ፣ በ1925 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ በቢጫ ቀለም የምናውቀው የዲዋልት ስም ከዚህ ይነሳል። ኩባንያው በ1949 ወደ አሜሪካን ማሺን ኤንድ ፋውንድሪ፣ በ1960 ደግሞ ወደ ብላክ ኤንድ ዴከር ተላለፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ግንባታ ሲጧጧፍ ማሽኑ አሜሪካ ውስጥ በየሥራ ቦታው ገባ። ሲርስ የተባለው ሱቅ በክራፍትስማን ስም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ራዲያል መጋዞች ለየቤቱ ጋራዥ ሸጠ። አውሮፓም የራሷን ሠራች፦ እንግሊዝ ውስጥ ዋድኪን፣ ጣሊያን ውስጥ ማጂና ኦምጋ ይጠቀሳሉ።

ታዲያ ዛሬ አሮጌው ራዲያል መጋዝ በርካሽ የሚገኘው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ተንሸራታች ራስ ያለው ትንሹ የማይተር መጋዝ ነው። እሱን አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል፤ ራዲያል መጋዝ ግን ከነገበታው ወደ መቶ ኪሎ ይጠጋል። ሁለተኛው ምክንያት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ኤመርሰን የተባለው አምራች ከ1958 እስከ 1992 የተሸጡ 3.7 ሚሊዮን ያህል የክራፍትስማን መጋዞች እንዲስተካከሉ ወይም እንዲመለሱ ጥሪ አቀረበ። የዲስኩ ሽፋን ሙሉ ስላልነበረ ብዙ ሰው እጁን ተጎድቶ ነበር። ለሚስተካከለው ማሽን አዲስ ሽፋን በነጻ ተሰጠ፤ ለማይስተካከለው ባለቤቱ ሞተሩን ሲመልስ መቶ ዶላር ተከፈለው። በዚህ የተነሳ አሜሪካ ያለ ዘመድ “እዚህ በነጻ የሚሰጥ መጋዝ አለ፤ ልላክልህ?” ብሎ ቢደውል የሚያስገርም አይደለም። መልሱ ግን ቶሎ “እሺ” መሆን የለበትም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሞተሩ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አስነስቶ ማየት ይበቃል። አሜሪካ መብራቷ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። በደቂቃ 3450 ጊዜ ይዞር የነበረ ሞተር እኛ ዘንድ 2875 ገደማ ይዞራል። ፍጥነቱ መቀነሱ ለመቁረጥ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው። 115/230 ቮልት፣ ሲንግል ፌዝ የሚል የቤት ማሽን በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከታሰበለት በላይ ከረንት ስለሚስብ፣ ቀኑን ሙሉ ከተጫኑት ሽቦው ይቃጠላል። ሞተሩ ደግሞ ለዚያ ማሽን ብቻ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከገበያ ሌላ ገዝቶ መተካት አይቻልም። በአንጻሩ 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ ስሪ ፌዝ የሚል ትልቅ የፋብሪካ ማሽን በእኛ 380 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል፤ ቮልቱም ኸርዙም በተመሳሳይ መጠን ስለሚቀንሱ ሞተሩ አይጨነቅም፤ ጉልበቱ ብቻ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል። የአውሮፓዎቹ ግን ከመነሻቸው ለ50 ኸርዝ የተሠሩ ናቸውና ቤቱ ስሪ ፌዝ መስመር ካለው ከሁሉ ይመረጣሉ።

ሁለተኛው ምርመራ ክንዱ ነው። ማሽኑ መብራት ሳይነካ፣ ሁሉም ማሰሪያ ጠብቆ፣ የክንዱን ጫፍ በእጅ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት ነው። የሚወዛወዝ ከሆነ ዓምዱ ላይ ያለው መያዣ ተበልቷል ወይም ላልቷል። ብሎን በማጥበቅ የሚስተካከል አለ፤ ከተጠበቀም በኋላ የሚነቃነቅ ክንድ ግን ቀጥ ያለ ቁራጭ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩት የዲዋልት ማሽኖች ክንዳቸው ከጊዛ ብረት የተቀረጸ በመሆኑ ዛሬም የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ሞተሩን በክንዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር መሳብ ነው። መሐል ላይ የሚላላ፣ ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ከሆነ የኩሽኔታው መሄጃ ተበልቷል። የጠነከረ ግሪስና ሰጋቱራ ብቻ ከሆነ ግን በናፍጣ ታጥቦ ይለቃል። የገበታው እንጨት ቢበሰብስ አያሳስብም፤ አዲስ ኤምዲኤፍ ይቀየርለታል።

ሦስተኛው ማዕዘኑ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለቱ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ ጣውላ ይቆረጣል። ከዚያ አንደኛው ቁራጭ ይገለበጥና የሁለቱ ቁራጮች ጫፎች ማስደገፊያው ላይ መልሰው ይገጠማሉ። በመካከላቸው ብርሃን ካልታየ ማሽኑ ስኳድራ ነው። ክፍተት ከታየ የማሽኑ ስህተት የክፍተቱ እኩሌታ ነው፤ ማስተካከያ ብሎኑን በዚያ ልክ መንካት ነው።

ዲስኩም ይታይ። የአሜሪካ ማሽን ሻፍት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአውሮፓ 25 ሳንቲ ሜትር ዲስክ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩን የጠበቀ ቀለበት ሳይገባበት ማሰር አይገባም። የሰርኩላሩን ዲስክ አውጥቶ እዚህ ማሰርም ስህተት ነው። የሰርኩላር ዲስክ ጥርሱ ወደ ፊት ያዘነበለ በመሆኑ እንጨቱን ይነክስና ራሱን እየጎተተ ወደ ሠራተኛው ይመጣል። ለራዲያል መጋዝ የሚስማማው ጥርሱ ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ዲስክ ነው።

በሥራ ጊዜ ደንቡ ጥቂት ነው። ሞተሩ ከማስደገፊያው ኋላ ሆኖ ይነሳል፣ ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ የራስን ክንድ ሳያጥፉ በዝግታ ይሳባል፣ ከቆረጠ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠፋል። እንጨቱን የያዘው እጅ ከዲስኩ መንገድ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አጭር ቁራጭ በእጅ አይያዝም። ባሕር ዛፍ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውስጡ ተወጥሮ የሚያድግ እንጨት ስለሆነ ሲቆረጥ ይጎብጣል፣ ዲስኩንም ቆንጥጦ ይይዛል። የጎበጠ ሞራሌ ሲሆን ያበጠው ጎኑ ወደ ማስደገፊያው ይዞር፤ ጎድጓዳው ከዞረ ከጀርባው ባዶ ቦታ ይቀርና ዲስኩ መሐል ላይ ይያዛል። 

ሞተሩን በ90 ዲግሪ አዙሮ ጣውላ በቁመት መሰንጠቅም ይቻላል፤ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍም ይፈቅዳል። አናጢ ግን ባያደርገው ይሻላል። እንጨቱ ዲስኩ በሚዞርበት አቅጣጫ በስህተት ከገባ ዲስኩ እንጨቱን መንጭቆ ይወስዳል፣ የያዘውን እጅም አብሮ ይጎትታል። ለመሰንጠቅ ሰርኩላሩ አለ። ራዲያል መጋዝ ሥራው ማሳጠር ነው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ረጅም እንጨት ላለበትና ቦታ ለጠበበው ቤት የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ክንዱ የማይነቃነቅ፣ የዲስኩ ሽፋን ያልጎደለ፣ ሞተሩ ከእኛ መብራት ጋር የሚስማማ አሮጌ ራዲያል መጋዝ ካገኙ ይግዙ፤ ለብዙ ዓመት ያገለግልዎታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን በነጻም ቢሰጥዎ አይቀበሉ፤ ማጓጓዣው ብቻ ከጥቅሙ ይበልጣል።