የሞተር ዘይት ከነዳጅ ጋር ሲቀላቀል ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

የሞተር ዘይት በአገልግሎት ይቀንሳል እንጂ በራሱ አይጨምርም። ዘይት ሳይታከልበት መጠኑ በመለኪያ ዘንጉ ላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ ነዳጅ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ሽታና የዘይቱ መቅጠን ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። ወተት የመሰለ መልክ ግን ውሃ መግባቱን ያመለክታል።

የቀጠነ ዘይት በሚፋተጉ የሞተር ክፍሎች መካከል በቂ ሽፋን ስለማይሰጥ ሞተሩ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው የቤንዚን ትነትም የእሳት አደጋ ያስከትላል።

ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ ተሽከርካሪዎች የተለመዱት መንስኤዎች የሚከተሉት ናቸው፦
• በሞተሩ ላይ የተገጠመው የነዳጅ ፓምፕ ዲያፍራም መቀደድ፤
• የካርቡሬተሩ መርፌ ነዳጁን በአግባቡ አለመዝጋት፤
• እሳት የማይሰጥ ካንዴላ።
በናፍጣ ሞተሮች ደግሞ የኢንጀክተር ማፍሰስ ተጠቃሽ ነው።

ምልክቱን ያስተዋለ ባለንብረት በቅደም ተከተል የሚከተለውን ሊያደርግ ይገባል፦
1. ሞተሩን ማጥፋትና ተሽከርካሪውን አለማሽከርከር፤
2. በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ማንኛውንም እሳት አለመለኮስ፤
3. መንስኤውን በባለሙያ ማስመርመርና ማስጠገን፤
4. ከጥገናው በኋላ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን መቀየር፤
5. ከአጭር ጉዞ በኋላ ተሽከርካሪውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶና ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የዘይቱን መጠን እንደገና መለካት።

መንስኤው ሳይጠገን ዘይት ብቻ መቀየር ችግሩን አያስወግድም፤ አዲሱም ዘይት በነዳጁ ይበላሻል። የተቀዳው ዘይት በቀላሉ ሊቀጣጠል ስለሚችል በተከደነ ዕቃ ከእሳት ርቆ ሊቀመጥ ይገባል፤ ወደ ፍሳሽ ቱቦ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መሬት ሊደፋ አይገባም።