በእርግዝና ወራት ስለሚነሣ የወገብና የዳሌ ሕመም

ፅንስ በማሕፀን እያደገ ሲሄድ፣ የእናቲቱ ሥጋ ለወሊድ ይሰናዳ ዘንድ ሪላክሲን የተባለው ሆርሞን የዳሌን መገጣጠሚያዎች የሚያስተሳስሩትን ጅማቶች ስለሚያላላ፣ የሆድም ክብደት ወደ ፊት እየሳበ ወገብን ስለሚያጎብጥ፣ ብዙ ነፍሰ ጡሮች በታችኛው ወገባቸውና በዳሌ አጥንታቸው ላይ ሕመም ይሰማቸዋል፤ ይህም ሕመም እናቲቱን ቢያደክማትም ፅንሱን አይጎዳም።

እኛ አዋላጆች ዘወትር እንደምንመክረው፣ የማስታገሻው ብልሃት በአብዛኛው በዕለታዊ ልማድ ውስጥ ይገኛል፤ ነፍሰ ጡር በጎኗ ተኝታ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ታድርግ፤ ከአልጋም ሆነ ከመኪና ስትወርድ ጉልበቶቿን ገጥማ በአንድነት ትዙር፤ ጫማዋን ተቀምጣ ታጥልቅ፤ ከባድ ዘንቢል በአንድ ወገን አትሸከም፤ እንጀራ ስትጋግር ከዝቅተኛ በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ መቀመጫ ትምረጥ፤ ቆማ ስታስቀድስም ሥጋዋ ሲዝል ያለ ኀፍረት ትቀመጥ። አጭር የእግር ጉዞና የዳሌን ወለል ጡንቻዎች ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እጅግ ይጠቅማሉ፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ግን፣ በተለይም ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

እኅቶቼ ሆይ፣ ደም ወይም ከማሕፀን የሚፈስ ውሃ ከታየ፣ ትኩሳት ወይም በሽንት ጊዜ ማቃጠል ከተጨመረ፣ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ከተደጋገመ፣ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።