ስለ እሾህ አክሊል አበባ አያያዝ

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

በከተማ የሚኖር ሰው ሰፊ የአትክልት ቦታ ባይኖረው እንኳ፤ በመስኮቱ አጠገብ ወይም በበረንዳው ጥግ አንድ ማሰሮ አበባ የሚያኖርበት ስፍራ አያጣም። ዛሬ የምንነጋገርበት ተክል ለእንዲህ ያለው ሰው የተስማማ ነው። ግንዱ እንደ ጣት የወፈረና ዙሪያውን በሹል እሾህ የታጠረ ሲሆን፤ በጫፉ ላይ ግን ጥቂት አረንጓዴ ቅጠልና የሚያምር ቀይ አበባ ይታይበታል። ከዚህም መልኩ የተነሣ የእሾህ አክሊል ተባለ። ስሙ የጌታችንን ሕማም የሚያሳስብ ቢሆንም፤ የተክሉ አገር በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኘው የማዳጋስካር ደሴት ናት።

የዕፀዋት ሊቃውንት ዩፎርቢያ ሚሊ ይሉታል። ሚሊ የተባለው የሬዩንዮን ደሴት ገዥ በነበረው በባሮን ሚልዩስ ስም ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ተክሉን ወደ ፈረንሳይ አገር ያስገባው እርሱ ነው። ዩፎርቢያ የሚባለው ወገን ወደ 2,000 የሚጠጋ ዓይነት አለው። በየገደላችንና በየአጥራችን የምናውቃቸው ቁልቋልና ቅንጭብም ከዚሁ ወገን ናቸው። እንግዲህ ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ የቁልቋል ዘመድ መሆኑን ካወቅን ጠባዩን ለመረዳት አንቸገርም። ቁልቋል በደረቅ ገደል ላይ ቆሞ በጋውን የሚያሳልፈው በግንዱ ውስጥ ባከማቸው ውኃ ነው፤ የእሾህ አክሊልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ይህን ተክል ከጥማት ይልቅ የሚገድለው ጥጋብ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፤ ከመስኮቱ ሥር የእሾህ አክሊል የተተከለበት ጣሳ ነበረን። ጧት ተላላኪው ክፍሉን ሲጠርግ ያጠጣዋል፤ ረፋድ ላይ ጸሐፊዋ ከብርጭቆዋ የተረፈውን ታፈስበታለች፤ ማታ እኔ ስወጣ «ዛሬ ማንም ያሰበው የለም» ብዬ እደግመዋለሁ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ሦስታችንም ተጠማ ብለን ውኃውን ጨመርንለት። አንድ ቀን ቀና ላደርገው ብነካው፤ ግንዱ ከሥሩ እንደ ተቀቀለ ድንች ለስልሶና ጠቁሮ ተገኘ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፤ ያን አበባ ለሞት ያደረሰው የሦስታችን ደግነት ነው።

ታዲያ ውኃ የሚያስፈልገው መቼ ነው? መልሱ በጣታችሁ ይገኛል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ አግቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት፤ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ እዩት። ደርቆ ካገኛችሁት በማሰሮው ሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ አጠጡት፤ ከሥሩ በተቀመጠው ሳህን የተጠራቀመውን ውኃ ግን ድፉት። የቅጠል መርገፍ በጥማትም በጥጋብም የሚመጣ ስለሆነ በዓይን ብቻ አይፈረድም፤ አስቀድሞ አፈሩ ይመርመር። በጥማት ቅጠሉን ያረገፈ ግንድ ጠንክሮ ይቆያል፤ ውኃ ሲያገኝም እንደገና ያቈጠቍጣል። በውኃ የበሰበሰ ግንድ ግን አይመለስም።

ዋልካ አፈር ውኃ ስለሚይዝ ብቻውን ለዚህ ተክል አይሆንም። አንድ እጅ የአትክልት አፈር፤ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፤ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ደባልቁ። ማሰሮው ከሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጣሳም ከሆነ ሥሩ በምስማር ሦስት አራት ቦታ ይበሳ።

ተክሉ የሚያብበው ብርሃን ሲጠግብ ነው። በቀን ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ፈልጉለት፤ በጨለማ ጥግ ቢቀመጥ ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል እንጂ አበባ አይሰጥም። በነገራችን ላይ፤ እኛ አበባ የምንላቸው ሁለቱ ቀያይ ክንፎች በእውነቱ ቀለም የለበሱ ቅጠሎች ናቸው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከላቸው የሚታዩት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ቀለሙ ቶሎ ሳይረግፍ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ስለዚህ ነው።

ብርድን በሚመለከት፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ተክሉ ይጎዳል። ስለዚህ በአዲስ አበባና እርሷን በመሰሉ ደጋ ከተሞች ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ሌሊት ወደ ቤት ይግባ። በክረምትም ከዝናብ ተጠልሎ በጣራ ሥር ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ግን ከእሾሁ ይልቅ ከወተቱ ነው። ግንዱ ወይም ቅጠሉ ሲቈረጥ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ይህ ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል፤ ቢዋጥም መርዝ ነው። የቁልቋልን ወተት የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ስለዚህ ተክሉ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ። ስትቈርጡት ጓንት አድርጉ፤ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። ምናልባት ዓይን ውስጥ ከገባም ሳታሹ፤ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ለሩብ ሰዓት ያህል አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ተክሉን ለማባዛት የሚፈልግ ሰው በሙቀቱ ወራት፤ ይኸውም በየካቲት ወይም በመጋቢት፤ ከጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቍረጥ። ወተቱ መውረዱን እስኪያቆም የተቈረጠበትን በውኃ ይንከረው፤ ከዚያም በጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ያህል ያድርቀው። ቍስሉ ሳይደርቅ የተተከለ ይበሰብሳል። ሲደርቅ ጥቂት እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ይትከለው፤ ሥር እስኪሰድም ውኃ አያብዛበት። ከሥሩ መበስበስ የጀመረ ተክልም የሚድነው ጤነኛ የቀረውን ጫፍ ቈርጦ በዚሁ መንገድ በመትከል ነው።

እኛም ከዚያ ከበሰበሰው ጣሳ ያልለሰለሰች አንዲት ቅርንጫፍ አግኝተን እንዲሁ አደረግን። በዚያን ጊዜ ሦስታችን ተነጋግረን የአበባውን ኃላፊነት ለተላላኪው ብቻ ሰጠን። እርሱም ሰኞ ሰኞ ጣቱን ወደ አፈሩ እያስገባ ይመረምር ነበር፤ ብዙ ጊዜም ማጠጫውን እንደ ያዘ ሳያጠጣ ይመለሳል። ቅርንጫፏ ሥር ሰደደች፤ እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት ስዛወርም በቀይ አበባ ተሞልታ ትቼያት ወጣሁ።

እናንተም፤ ክቡራን አንባብያን፤ በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ ይህን ተክል ስታኖሩ አስቀድማችሁ የሚያጠጣውን አንድ ሰው ምረጡለት።