አንዲት ቃል ስትጎድል፡ የኔትወርክ መሣሪያዎችን በሶፍትዌር ስለ ማዋቀር

አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኔትወርክ በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። በየሕንፃው ያሉትን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኙ ሁለት መቶ ያህል ስዊቾች አሉት እንበል። አንድ ቀን ለአዲስ ቤተ ሙከራ ቁጥሩ 30 የሆነ ቪላን እንዲከፈት ይጠየቃል። ቪላን ማለት በአንድ ኬብል ላይ አብረው እየተጓዙ እርስ በርስ የማይተያዩ ኔትወርኮች የሚለዩበት ቁጥር ነው፤ የተማሪው፣ የሬጅስትራሩና የፋይናንስ ክፍሉ መረጃ በአንድ መስመር አልፎ የማይደባለቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ባለሙያው ከቢሮው ሆኖ ወደ ስዊቹ ይገባና ሕንፃዎቹን በሚያገናኘው መስመር ላይ ቪላን 30 እንዲፈቀድ ያዝዛል።

በስፋት የሚታወቀው የሲስኮ ስዊች ግን የሚፈጽመው ሰውየው ያሰበውን ሳይሆን የጻፈውን ነው። «ጨምር» የሚል ትርጉም ያላት «አድ» የተባለች ቃል ከቁጥሩ በፊት ካልገባች፣ ቀድሞ የተፈቀዱትን ቪላኖች በሙሉ ከዝርዝሩ አውጥቶ 30ን ብቻ ያሳልፋል። ሬጅስትራሩም ፋይናንሱም በቅጽበት ከመስመር ይወጣሉ። ባለሙያው ራሱ ወደ ስዊቹ የገባው ከተሰረዙት ቪላኖች በአንዱ በኩል ከሆነ ደግሞ ስህተቱን የሚያርምበት በር በራሱ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው። የኮንሶል ኬብሉን አንጠልጥሎ ወደ ሕንፃው በእግሩ ከመሄድ በቀር አማራጭ የለውም። ይህ ስህተት በሙያው ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ ያልገጠመው ባለሙያ ገና ብዙ ያልሠራ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም።

እንግዲህ ጥያቄው ሁለት መቶ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ በእጅ ከማዋቀር ሌላ መንገድ የለም ወይ? የሚለው ነው። ለሰርቨር ኮምፒዩተሮች መልሱ የተገኘው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ በርጀስ የተባለ፣ በንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ የሠለጠነ ተመራማሪ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሲኤፍኤንጂን የተባለውን ሶፍትዌር ጻፈ። የሶፍትዌሩ መሠረታዊ ሐሳብ ለማሽኑ የሥራውን ቅደም ተከተል መንገር ሳይሆን እንዲደርስበት የምንፈልገውን ሁኔታ መግለጽ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት በየቤታችን የሚገኘውን ሮቶ እንመልከት። አንድን ሰው «ሃያ ጀሪካን ውሃ ጨምርበት» ብለን ብናዝዘውና ትዕዛዙ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢደርሰው ውሃው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ሮቶው አስቀድሞ ግማሽ ሆኖ ቢቆይም እንዲሁ። በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ግን ስንት ጀሪካን እንደጎደለ አያውቅም፣ ማወቅም አያሻውም። የሚያውቀው ውሃው ሊደርስበት የሚገባውን ከፍታ ብቻ ነው፤ ሲጎድል ይከፍታል፣ ሲሞላ ይዘጋል። መቶ ጊዜ ቢሞከር ውጤቱ ያው ነው። የሒሳብ ተማሪዎች ይህን ጠባይ ከፍጹማዊ ዋጋ ያውቁታል፤ የ-7 ፍጹማዊ ዋጋ 7 ነው፣ የ7 ፍጹማዊ ዋጋም ያው 7 ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1870 ለተመሳሳይ ጠባይ «አይደምፖተንት» የሚል ስያሜ ሰጥቶት ነበር። ስያሜው ዛሬ በኔትወርክ ባለሙያዎች አፍ የዕለት ተዕለት ቃል ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ወደ ሮውተርና ስዊች ለመሻገር ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሰርቨር ላይ የፈለግነውን ፕሮግራም መጫን እንችላለን፤ ስዊች ግን በአብዛኛው አምራቹ ዘግቶ የሚሸጠው ሣጥን ነው። መግቢያው የትዕዛዝ መስመር ሲሆን፣ የሚሰጠው መልስም ለሰው ዓይን እንጂ ለፕሮግራም የተሰናዳ አልነበረም። መልሱን እያነበበ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች አልጠፉም፤ ዳሩ ግን አምራቹ በአዲስ እትም አንዲት ዓምድ ባዛወረ ቁጥር ፕሮግራማቸው ይሰናከላል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎችንና ደንብ የሚነድፉ መሐንዲሶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያወያየው በዚህ ምክንያት ነበር። ባለሙያዎቹ በግልጽ ተናገሩ። ከ1988 ጀምሮ የነበረው ኤስኤንኤምፒ የተባለው ደንብ መሣሪያዎችን ለመከታተል ጠቅሟል፤ ለማዋቀር ግን እምብዛም አይጠቀሙበትም። የሚፈልጉት ቅንብሩን እንደ ጽሑፍ አውጥተው የሚያስቀምጡበት፣ የትናንቱን ከዛሬው የሚያነጻጽሩበትና ከእያንዳንዱ መሣሪያ ይልቅ ኔትወርኩን እንደ አንድ አካል የሚያዩበት መንገድ ነበር።

ከውይይቱ በኋላ ኔትኮንፍ የተባለው ደንብ በ2006 ወጣ። በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚደነቀው በውስጡ ያለው የማረጋገጫ ስልት ነው። አዲሱ ቅንብር በመጀመሪያ በረቂቅነት ይቀመጣል፤ ከተመረመረ በኋላ በሥራ ላይ ይውላል። ባለሙያው ከፈለገ ለጊዜው ብቻ እንዲጸና ማዘዝ ይችላል። ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር በ600 ሴኮንድ ውስጥ «አጽና» የሚል ትዕዛዝ ካልደረሰው መሣሪያው በራሱ ወደ ቀድሞው ቅንብር ይመለሳል። በሩ የተዘጋበት ባለሙያችን ይህ ቢኖረው ኖሮ ዐሥር ደቂቃ መታገሥ ይበቃው ነበር።

በ2012 ማይክል ዲሃን አንሲብል የተባለውን መሣሪያ ይፋ አደረገ። ስሙ የተወሰደው ደራሲዋ ኧርሱላ ለ ግዊን በ1966 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ በከዋክብት መካከል ያለ መዘግየት መልእክት ከሚያደርሰው መሣሪያ ነው። አንሲብል በሚያስተዳድረው መሣሪያ ላይ ምንም ፕሮግራም እንዲጫን አይጠይቅም፤ ባለሙያው ራሱ በሚገባበት በኤስኤስኤች በኩል ይገባል። ለተዘጋው ሣጥን የተመቸውም ስለዚህ ነው። ባለሙያው የመሣሪያዎቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል፣ የሚፈለገውን ሁኔታ በሌላ ፋይል ይጽፋል፤ አንሲብል ሁለቱን አገናኝቶ የጎደለውን ይሞላል። ከሙከራ አሠራሩ ጋር ደግሞ ምንም ሳይነካ ምን ሊለውጥ እንደሆነ አስቀድሞ ያሳያል።

ታዲያ «አድ» የተባለችው ቃል ጣጣዋ አበቃ ማለት ነውን? አላበቃም። በአንሲብል ውስጥ የተጻፈው ዝርዝር ካለው ጋር እንዲዋሐድ ወይም ያለውን እንዲተካ የሚወስን አንድ ቃል አለ። «አዋሕድ» ማለት ሲገባው «ተካ» ብሎ የጻፈ ባለሙያ ያንኑ የጥንት ስህተት ይደግማል፤ ልዩነቱ አሁን የሚዘጋው አንድ ስዊች ሳይሆን ሁለት መቶ መሆኑ ነው።

በትላልቅ ኔትወርኮች ላይ የደረሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፋው በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የመረጃ ማዕከላቱን የሚያገናኘውን መስመር ሁሉ ስላቋረጠ ነበር። እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ ሊያግድ የተሠራ መርማሪ ሶፍትዌር ነበረ፤ ነገር ግን እርሱም ራሱ ስህተት ነበረበት።

የካናዳው ሮጀርስ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ኩባንያው ዋና ኔትወርኩን በሰባት ምዕራፍ ሲያሻሽል ስድስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። የለውጡን አደገኛነት የሚመዝነው ስልት በመጀመሪያ ሥራውን «ከፍተኛ» ብሎት ነበር፤ የቀደሙት ምዕራፎች በሰላም ስላለፉ ግን ወደ «ዝቅተኛ» አወረደው። ሐምሌ 8 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሮውተር ላይ የመንገድ መረጃን የሚያጣራ ቅንብር ተሰረዘ። የማዕከሉ ሮውተሮች ከአቅማቸው በላይ በሆነ መረጃ ተጥለቀለቁና ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ጥሪና የባንክ ካርድ ክፍያ ተስተጓጎለ። መሐንዲሶቹ መሣሪያዎቹን የሚቆጣጠሩበት ኔትወርክ በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ ስለነበር መንስኤውን ለማወቅ እንኳ ሰዓታት ፈጁ። አገልግሎቱ ወደ ቦታው የተመለሰው ከ26 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በግቢያችን ባለሙያ ላይ የተዘጋው በር እዚህም መዘጋቱን አንባቢ ልብ ይሏል።

በመሆኑም አስተዋይ ባለሙያዎች ለመቆጣጠሪያ ብቻ የሚያገለግል የተለየ መስመር ይዘረጋሉ። የቅንብር ፋይሎቻቸውን ጊት በተባለው የለውጥ መዝጋቢ ያኖራሉ፤ ማን ምን እንደለወጠ ይታያል፣ ሌላ ሰው ሳያነበውም አይጸናም። ለውጡንም በአንድ ጊዜ በሁሉም ላይ አያውሉትም። አንሲብል ራሱ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ በአንድ ስዊች፣ ቀጥሎ በዐሥር፣ ከዚያ በቀሩት ላይ ሥራ፣ መካከል ላይ ችግር ከገጠመህ ግን ቁም ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ያ የመጀመሪያው ስዊች የትኛው ይሁን የሚለው ለባለሙያው የተተወ ነው፤ እኛ ብንሆን ከቢሯችን በእግር የሚደረስበትን እንመርጣለን።