ፋይበርግላስ የለበሰ የጣውላ ጀልባ ገጽ ጎርባጣ ሲሆን የሚስተካከልበት ዘዴ

ጀልባውን ራሱ ከጣውላ ሠርቶ በኢፖክሲና በፋይበርግላስ ጨርቅ የሚያለብስ ዓሣ አስጋሪ፣ ሥራው ሲደርቅ ጉብታ፣ ስርጉድና የፈሰሰ ጠብታ ማየቱ የተለመደ ነው። ብዙዎች ወዲያውኑ ጉብታውን መፋቅ ይጀምራሉ። ይህ ግን ጉዳት አለው። ጎርባጣ ገጽ ጀልባን አያሰጥምም። ተፍቆ የሳሳ ጨርቅ ግን ውሃ ያስገባል፤ ጣውላው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ችግሩም የሚታወቀው ከዳር ከራቁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉብታውን ከመፋቅ ይልቅ ስርጉዱን መሙላት ይመረጣል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ኢፖክሲው መድረቁን በጥፍር ተጭኖ መፈተን። ጥፍር ምልክት የሚተው ከሆነ መቆየት ያስፈልጋል። ከብዙ ቀን በኋላም የሚያጣብቅ ቦታ ካለ፣ የማጠንከሪያው መጠን ተሳስቷል ወይም በደንብ አልተደባለቀም ማለት ነው። ይህ ተፍቆ ይነሣል እንጂ በላዩ ምንም አይቀባም።

2ኛ. ገጹን በንጹሕ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ። በተለይ በብርድና በእርጥበት ጊዜ ኢፖክሲ ሲደርቅ በላዩ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል። ይህ ሳይታጠብ ቢፋቅ ይሠራጫል፤ ቀጥሎ የሚቀባውም አይዝም።

3ኛ. ቀጥ ባለ ጣውላ እየለኩ ስርጉዱን በእርሳስ ማመልከት።

4ኛ. 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ረጅም ጣውላ ላይ አጣብቆ በአግድመት በቀስታ መፈግፈግ። በእጅ ብቻ የተያዘ ወረቀት ስርጉዱን ተከትሎ ስለሚገባ ገጹን አያስተካክልም። የጨርቁ ክር ከታየ ወዲያውኑ ማቆም፤ ክሩ የተቆረጠበትን ቦታ በአዲስ ጨርቅና በኢፖክሲ መጠገን ነው።

5ኛ. በአምራቹ መመሪያ ልክ የተደባለቀ ኢፖክሲን ለዚሁ በተሠራ ቀላል ዱቄት አወፍሮ በእስፓቱላ ስርጉዱን መሙላት። ለመኪና የሚሸጠው ስቱኮ ውሃ ስለሚስብ ከውሃ በታች ለሚሆነው ክፍል አንመክረውም። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመርም ኢፖክሲውን ያደክመዋል።

6ኛ. ሲደርቅ እንደገና ፈግፍጎ 2 ጊዜ ንጹሕ ኢፖክሲ መቀባት። ጣውላው በፀሐይ እየሞቀ ሳለ ከውስጡ የሚወጣው አየር አረፋ ስለሚሠራ፣ ጥላ ሥር፣ ሙቀቱ በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ መቀባት ይሻላል።

7ኛ. በመጨረሻ ፀሐይ የሚቋቋም የጀልባ ቀለም መቀባት። ያልተቀባ ኢፖክሲ በፀሐይ ብርሃን ይጎዳል።

ጥንቃቄ፦ ሲፈገፍጉ አፍንጫንና አፍን በመከላከያ ጭንብል መሸፈን፣ ኢፖክሲ ሲይዙ ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ የነካውን በሳሙናና በውሃ እንጂ በቲነር አይታጠቡት። ብናኙና የዕቃው እጣቢም ወደ ሐይቁ መጣል የለበትም።