ዲጂታል ሬድዮ በደምበጫ ቤቶች

ጎጃም ውስጥ ደምበጫ ገበያ ሬድዮ ለመግዛት ለወጣ ሰው ነጋዴው ቀድሞ የሚነግረው «ይሄ ዲጂታል ነው» ብሎ ነው። ቁጥር የሚያበራ መስኮት ያለው፣ ፍላሽና ሚሞሪ የሚጎርስ፣ ጣቢያውን ራሱ ፈልጎ የሚይዝ ሬድዮ ሁሉ በዚህ ስም ይሸጣል። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ የሚቀበለው ሞገድ ግን አባቶቻችን መርፌ እያዞሩ ይፈልጉት የነበረው ያው አናሎግ ነው። ዲጂታሉ መፈለጊያው እንጂ ስርጭቱ አይደለም። እውነተኛው ዲጂታል ሬድዮ ደምበጫ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ ጣሪያ ላይ በተተከለው ዲሽና በእጅ ስልክ ኢንተርኔት።

ልዩነቱን ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። አናሎግ ሞገድ ሲደክም ድምፁ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ጫጫታው ይበረታል፤ አድማጩ ግን ከጫጫታው መሐል ቃሉን እየለቀመ ዜናውን ይጨርሳል። በዲጂታል ስርጭት ድምፁ ወደ ዜሮና አንድ ተለውጦ፣ ስህተት ማረሚያ ተጨምሮበት ነው የሚላከው። ማረሚያው እስከቻለ ድረስ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከአቅሙ ሲያልፍ ይቆራረጥና ጸጥ ይላል። በመሐል የሚያዝ ነገር የለም። ስለዚህ ዲጂታል መቀበያዎችን ሳወዳድር ከድምፅ ጥራት ይልቅ የማስቀድመው የትኛው መቼ ዝም እንደሚል ነው።

ዲሹን እንመልከት። ናይልሳት የተባለው ሳተላይት የቆመው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ የደምበጫ ዲሾች ወደ ምዕራብ ዞረው፣ ከአድማስ 38 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ብለው ይተከሉ ነበር። የአገራችን ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው፣ ኢትዮሳት ወደምንለው ስርጭት ሲዛወሩ ግን ዲሹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 64 ዲግሪ ገደማ ቀና ማለት ነበረበት። ለጎጃም ደጋ ይህ መልካም ለውጥ ነው። ወደ ላይ የሚያይ ዲሽ የጎረቤት ባሕር ዛፍ በቀላሉ አይጋርደውም፤ ሞገዱም በዝናቡ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ያጥራል። ያም ሆኖ ከ10 ጊጋ ኸርዝ በላይ ያለን ሞገድ ከባድ ዝናብ ይመጠዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ሪሲቨሩ «ሲግናል የለም» ብሎ ይቆማል፤ አናሎጉ ትራንዚስተር ሬድዮ ግን በመብረቁ ይንጫጫ እንጂ ማውራቱን አይተውም።

ስልክ ሁለት ዓይነት ሬድዮ ይዟል። አንዱ ኤፍኤሙ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል ገመዱ ከሌለ በአብዛኛው ስልክ ላይ አይሠራም። ኤፍኤም ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝም ኮረብታ ይከልለዋል። ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚመጣው ነው። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚላክ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ይህ ወጪ በየቀኑ ዜና ለሚከታተል ቤት ቀላል አይደለም። ዲሹም ኢንተርኔቱም መዘግየት አላቸው። ሳተላይቱ ራሱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ የደርሶ መልሱ ጉዞ ሩብ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድምፁን የማመቅና የመፍታት ሥራ ደግሞ በዚህ ላይ ሴኮንዶችን ይጨምራል። ስለዚህ የሰዓት ምልክትን ከዲሽ ወይም ከስልክ ሰምቶ ሰዓቱን የሚሞላ ሰው ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም።

ለእንደዚህ ያለ አገር ታስቦ የተሠራ፣ ቴሌቪዥን የማይፈልግ ዲጂታል ሬድዮ ግን ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ዎርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ መሠረተ። ስለ ኤድስ ያለው መረጃ ለአፍሪካ ሕዝብ አለመድረሱ ነበር ያነሣሣው። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይቱ ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጊያና ተነሥታ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ቆመች። መቀበያዎቹን እነሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ሠሯቸው። በእጅ የሚያዝ ሬድዮ ነበር፤ ትንሿን ጠፍጣፋ አንቴና በመስኮት ወይም በደጃፍ ወደ ሰማይ ማዞር ብቻ ይበቃ ነበር። የተጠቀመበት ሞገድ 1.5 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ስለነበረ ዝናብ አይበግረውም ነበር። ከደምበጫ ሲታይ ሳተላይቷ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ተራራም አይሸፍናትም ነበር። በኢንጂነሪንግ ዐይን ለደጋው ቤት ከዚህ የተሻለ መቀበያ እስካሁን አላየሁም።

የጣለው ዋጋው ነው። የመጀመሪያዎቹ መቀበያዎች ከ200 ዶላር በላይ ይሸጡ ነበር፤ በኋላም ብዙዎቹ ጣቢያዎች በክፍያ ብቻ የሚከፈቱ ሆኑ። መረጃ ይድረሰው የተባለው ገበሬ ሊገዛው አልቻለም። ኩባንያው በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ስርጭቱም ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። የዚያ ሬድዮ ዲጂታል ክፍል ሌላ ስርጭት ስለማይገባው በየቤቱ የቀረው ዕቃ ያንን ክፍል የሚያሠራበት ነገር አጣ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሐሳቡ የከሰረው በቴክኒኩ ድክመት አልነበረምና።

ሌላው ዓለም በየራሱ መንገድ ሄዷል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ዳብ በተባለው ዲጂታል ስርጭት ተካች። ይህ በየኮረብታው ማሠራጫ መትከልን ይጠይቃል። ሕንድ ዲአርኤም የተባለውን ዲጂታል ስርጭት መረጠች፤ እሱ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ የሚጫን ስለሆነ አንድ ማሠራጫ ሰፊ አገር ይሸፍናል። የአማራ ሬድዮን ከባሕር ዳር በመካከለኛ ሞገድ 801 ኪሎ ኸርዝ ሲያዳምጥ ለኖረ ሕዝብ የሚስማማው ሁለተኛው መንገድ ይመስለኛል፤ ርካሽ መቀበያ ካልቀረበ ግን የዎርልድስፔስ ዕጣ ይደርሰዋል።

እስከዚያው ዲሽ ያለው ቤት ሬድዮውን ከቴሌቪዥኑ መለየት ይችላል። ሪሞቱ ላይ «ቲቪ/ሬድዮ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት የሬድዮ ቻናሎቹ ይዘረዘራሉ። ከሪሲቨሩ ጀርባ ቀይና ነጭ የድምፅ ገመድ ወደ ስፒከር ካገናኙና የሚወዱትን ጣቢያ ቁጥር በቃል ከያዙ ቴሌቪዥኑን ሳያበሩ ማዳመጥ ይቻላል። ሪሲቨር ሲገዙም በ12 ቮልት የሚሠራውን መምረጥ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ከሶላር ባትሪ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ትራንዚስተሩን ግን ከነባትሪ ድንጋዩ አያርቁት፤ ክረምት ላይ ዶፉ ዲሹን ሲያጠፋ ዜናውን የሚያስጨርስ እሱ ነው።