አቅኚ አባትን ፍለጋ፤ የትውልድ ቈጠራ በቤተ ልሔምና በአካባቢው

በምሥራቅ ቤጌምድር፣ ማለት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ አንድ ሰው «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠራው የቤተሰብ ስም የለውም። መልሱ ቈጠራ ነው፤ ከአባቱ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ፣ ከዚያም ወደ ምንዥላቱ እያለ ይወጣና አገሩን መጀመሪያ አቀና ከሚባለው ሰው ላይ ሲደርስ ያርፋል። ይህ ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ጫካ መንጥሮ የሰፈረ፣ ከንጉሥ መሬት የተሰጠው ወይም በጦርነት ባድማ የሆነውን ቀዬ መልሶ ያቆመ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ የተወለደ ሁሉ ግን በስሙ ርስት የመጠየቅ መብት ነበረው። በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረውን እንዲህ ያለ አቅኚ ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ይቻላልን? ቢቻልስ በምን መንገድ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለማነጻጸር ያህል የዌልስን ሕዝብ ልማድ መመልከት ይጠቅማል። ዌልስ በታላቋ ብሪታንያ ምዕራብ የምትገኝ ተራራማ አገር ስትሆን፣ የእንግሊዝ ሕግ ሳይጸናባት በፊት የነበራት የመሬት ሥርዐት ከርስት ጋር የሚቀራረብ ነበር። መሬት የሚያዘው «ግዌሊ» በሚባል የወገን ማኅበር ነው፤ ቃሉ በቀጥታ ሲተረጐም አልጋ ማለት ሲሆን፣ ከአንድ መሥራች አባት የተወለዱ ወንዶች መሬቱን ይካፈሉት ነበር። ስማቸውም እንደ አማርኛው ስም ከነአባት ነበር። «አፕ» ማለት ልጅ ስለሆነ (ከግዕዙ «አብ» ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም በትርጉም ተቃራኒው ነው) ሪስ አፕ ሃወል ሲባል የሃወል ልጅ ሪስ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ዌልስ በሕግ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋሐድ ርስትን ማካፈል ቀረ፤ የአባትም ስም ቀስ በቀስ እየረጋ የቤተሰብ ስም ሆነ። አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አብ ኢቫን ቤቫን ሆነው ቀሩ። ይህ ለውጥ ከመኳንንቱ ጀምሮ ወደ ገጠሩ ሕዝብ ለመድረስ እስከ 18ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ ዘግይቷል። ስለዚህ አንድ የዌልስ ሰው የቤተሰቡን የ18ኛው መቶ ዓመት መሥራች ሲፈልግ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ስሙ የረጋበትን ያንን አንድ ሰው ነው። ለዚህም በየደብሩ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ አለለት፤ ከ1837 ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት መዝገብ ያግዘዋል።

በጋይንት ስም አይረጋም፤ በየትውልዱ ይታደሳል። ከዚህም የተነሣ መርማሪው መጀመሪያ የሚሰናከለው በስም ነው። ሽማግሌው «ይህ የሆነ በራስ ጉግሳ ጊዜ ነው» ቢሉ፣ የትኛው ጉግሳ? በዚያው በቤጌምድር ሁለት ራስ ጉግሳ ገዝተዋል። አንደኛው በደብረ ታቦር ተቀምጠው በ1825 ያረፉት ራስ ጉግሳ መርሱ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ባል የነበሩት፣ በ1930 በዓንቺም ጦርነት የሞቱት ራስ ጉግሳ ወሌ ናቸው። በሁለቱ ሞት መካከል 105 ዓመት፣ ማለት ሦስት ትውልድ ተኩል ያህል አለ። ራስ ዓሊም እንደዚሁ ሁለት ናቸው፤ በዚህ ግን ሕዝቡ ራሱ ታላቁ ዓሊና ትንሹ ዓሊ ብሎ ስለለየ የመሳሳቱ ነገር ያነሰ ነው። ሌላው መሰናክል የአንድ ሰው ስም መብዛቱ ነው። የተወለደ ጊዜ የወጣለት ስም፣ ስመ ክርስትናው፣ የጦር ሰውም ከሆነ የፈረስ ስሙ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣ፣ አባ ታጠቅም ይባሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የንጉሥ ስም ሁሉ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የባላገሩ ግን አንዱ ስም በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በሽማግሌ አንደበት፣ ሦስተኛው በመሬቱ ላይ ይቀርና ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ ይጠፋል።

በዚሁ አገር የ18ኛው መቶ ዓመት መሥራች አባት በጽሑፍም በቃልም በአንድነት የሚታወቅበት ቤት ቢፈለግ፣ ከወረ ሼህ ቤት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ቤት ከ1784 እስከ 1853 ድረስ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አድርጎ በጐንደር ነገሥታት ስም የገዛው የየጁ መኳንንት ቤት ነው። ስሙ የሼህ ወገን ማለት ሲሆን፣ የየጁ አፈ ታሪክ የዘሩን ምንጭ ከግራኝ አሕመድ ዘመን ጋር አያይዞ ዑመር ወደሚባል ሼህ ያወጣዋል። ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ የለም። በታሪክ እግር የሚረገጠው የመጀመሪያው ሰው አባ ሴሩ ጓንጉል ነው፤ ይህም «አባ» የሚለው የፈረስ ስም ምልክት መሆኑን ያስታውሷል። በ1770 እና በ1771 በጐንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጓንጉል የሚባል የምሥራቅ ኦሮሞ አለቃ ለንጉሡና ለራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ለመንሣት መምጣቱን፣ የተቀመጠውም በላም ላይ መሆኑን እያፌዘ ጽፏል። ፌዙ ለብሩስ ይቅርና፣ ሰውዬው የወረ ሼህ አባት መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይቀበላሉ። የጓንጉል ልጅ ዓሊ በ1784 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በአፈራ ወናት ድል አድርጎ ራስ ሆነ፤ በ1788 ሲሞት ወንድሙ ዓሊ ጋዝ ተተካ።

እዚህ ላይ ቈም ብሎ ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዘመን የገዙት ራስ ጉግሳ የዓሊ ልጅ አይደሉም፤ የዓሊ ጋዝም ልጅ አይደሉም። አባታቸው መርሱ ባሬንቶ ሲሆን፣ ወደ ጓንጉል የሚያደርሳቸው እናታቸው ከፈይ፣ የዓሊ እኅት ናት። ከእርሳቸው በኋላ በተከታታይ ራስ የሆኑት ይማም፣ ማርዬና ዶሪ፣ ከዚያም የልጃቸው የአሉላ ልጅ ትንሹ ራስ ዓሊ፣ ሁሉም የጓንጉል ወገን የሚሆኑት በአንዲት ሴት በኩል ነው። በዌልስ አቈጣጠር ቢሆን መስመሩ ከፈይ ላይ ተቈርጦ የባሬንቶ ቤት ይባል ነበር። በአማራው አገር ግን ሴት ዘር ታሻግራለች፤ አቅኚውን የሚፈልግ ሰው ወንድ በወንድ ብቻ ከወጣ ከግማሽ መንገድ ይቀራል።

ከመኳንንቱ ወደ ባላገሩ ሲወረድ ያው ሥርዐት በርስት ላይ ይታያል። ወንድም ሴትም ልጅ ከአባትም ከእናትም ወገን ርስት ይጠይቃል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሕዝብ ልማድ ተመራማሪ በ1960ዎቹ በጎጃም በደጋ ዳሞት ያጠናውና በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዐት ከሁሉ አብራርቶ ያሳያል፤ ጎጃምና ቤጌምድር በዚህ ረገድ እጅግ ይቀራረባሉ። እንደ ሕጉ የአቅኚው መሬት በልጆቹ ቍጥር ልክ ይከፈላል፤ ድርሻውም በየልጆቹ ስም ይጠራል፤ ከታች ያለው ባለርስት ከእነዚያ ልጆች ከአንዱ መወለዱን ቈጥሮ ማሳየት አለበት። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም የይገባኛል መብት በዘመን ርዝመት ስለማይሻር ነው።

ሆኖም በወረቀት ላይ ቀጥ ያለው ነገር በሸንጎ ፊት እንደዚያ አልነበረም። አንድ ሰው ስምንት ትውልድ ቢወጣ 256፣ ዘጠኝ ቢወጣ 512 አባቶችና እናቶች ይኖሩታል። ከእነዚህ ሁሉ ርስት መጠየቅ የሚችል ሰው የለም፤ የሚጠይቀው መሬቱ ከሚቀርበው፣ ዘመድ ከሚረዳው፣ ዳኛም ከሚሰማው ወገን ነው። ስለዚህ የታወሰው አቅኚ ከብዙ መካከል የተመረጠ አቅኚ ነው። ይህ ማለት ቈጠራው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ተሟጋቹ ሲቈጥር ባላጋራው ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማዋል፤ እርሱም ከዚያው አባት የሚወለድ ስለሆነ የተዘለለውን ወይም የተጨመረውን ስም ያነሣበታል። ከላይ የአቅኚው ልጆች በመሬቱ ድርሻ ስም ታስረው ስለሚኖሩ አይጠፉም፤ ከታች ያሉት በሕያዋን ዘንድ ይታወቃሉ። የሚላላው መካከሉ ነው። በመካከል ያለ፣ በስሙ መሬት ያልተጠራ፣ ሙግትም ያላነሣ አያት በቀላሉ ይረሳና ልጁ ከአያቱ ጋር ይጋጠማል። ከዚህ የተነሣ የ18ኛው መቶ ዓመት አቅኚ በቈጠራ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ዘመኑ ቀርቦ ይታያል። አንድን ትውልድ 30 ዓመት አድርጎ አባዝቶ ዘመኑን ማግኘት የሚቻለው ይህን ካሰቡ በኋላ ነው።

ዘር የሚቈጠረው ለርስት ብቻ አልነበረም፤ ለጋብቻም ነው። ሁለት ቤተሰቦች ሲጋቡ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንዳይኖር ሽማግሎች ይመረምራሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1975) በታወጀው ቍጥር 31/1975 አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ይገባኛል ሙግት አበቃ፤ የጋብቻው ቈጠራ ግን ቀጠለ። ይህ የሚያጽናና ቢመስልም ስሌቱ ሌላ ይናገራል። በ1760 የኖረ አቅኚ በ1960 ለነበረ ጐልማሳ ሰባተኛ አባት ያህል ነበር፤ ስለዚህ ርስቱም ጋብቻውም ወደ እርሱ ያደርሱ ነበር። ለዛሬ ወጣት ግን ያው ሰው ዘጠነኛ ሆኖ ከሰባት ቤት ውጭ ወጥቷል። እርሱን የሚያስታውሰው ርስት ብቻ ነበር፤ ርስትም የለም። በሙግት ሸንጎ ሲቈጥሩ የሰሙት የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዛሬ ያረጁ ናቸው።

የቀረው መንገድ የብራናው ነው። ለዚህም ቤተ ልሔም የተመቸ ስፍራ ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኑ ከየአገሩ ተማሪ ሲሰበሰብበት፣ ጽሕፈት የሚያውቁ ደብተሮችም ሲፈልቁበት የኖረ ደብር ነውና። ቤተ ክርስቲያኑም ራሱ የትውልድ ቈጠራን ይመስላል፤ በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሰውሮ ያገኘው ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ፣ ከውጭ ለሚያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ነበር። ሆኖም ሊቃውንቱ ራሳቸው ለዘር መርማሪ አስቸጋሪ ናቸው። መምህሩ በስመ ክርስትናው ወይም በተወለደበት አገር ይጠራል እንጂ በአባቱ አይጠራም፤ ከመነኰሰም ሌላ ስም ይይዛል። የመምህር ከመምህር ሐረግ ተጠብቆ የሥጋ ሐረግ እዚያው ላይ ይቋረጣል።

በጐንደር ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክረሚ እነዚህን መዝገቦች አጥንቶ በ2000 ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ባለመሬት ከሆኑትም መካከል ሴቶች ጥቂት እንዳልነበሩ አስቀድሞ በ1981 አሳይቷል። ይህም ስለ ከፈይ ከተነገረው ጋር ይስማማል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የንጉሡን፣ የጳጳሱን፣ የእጨጌውንና የእማኞቹን ስም ይጠራል፤ ብዙ ጊዜም ዓመቱን በቍጥር ሳይሆን በወንጌላዊ ይሰይማል። በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ መንግሥት (1730–1755) ዘመነ ሉቃስ ስድስት ጊዜ ያህል ስለሚመላለስ፣ ንጉሡና ወንጌላዊው ብቻ ዓመቱን አይለዩም፤ የእጨጌውና የጳጳሱ የሹመት ዘመን ሲጨመር ግን ስድስቱ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳሉ። በመጻሕፍቱ ጸሎት ውስጥ የሚገባው የባለቤቱ ስመ ክርስትናም ሌላ ምስክር ነው፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ስሙ ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ስለሚጻፍበት፣ በፍቁ ሥር የሚታየው ፊደል የቀድሞው ባለመጽሐፍ ነው።

መጻሕፍቱ ሁሉ በቦታቸው አይደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቡት ወደ መቅደላ ሄደ፤ በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ 350 ያህል ብራና ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰደ፤ ዊልያም ራይትም በ1877 ዝርዝሩን አሳተመ። ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ኮሌጅቪል ትብብር በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቍጥራቸውም ወደ 9000 ይደርሳል። አቅኚ አባቱን የሚፈልግ የጋይንት ሰው ከሽማግሌ የሰማውን ስም፣ የመሬቱን ድርሻ ስምና የአጥቢያውን ታቦት ይዞ ወደ እነዚህ ዝርዝሮች ቢገባ፣ በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባ በእማኞች ተራ የተጻፈውን ስም ነው። ባላገር በንጉሥ ጽሑፍ ውስጥ በባለቤትነት የሚጠራው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በእማኝነት ግን ከነቀዬው ይጠራል።